አባባ የሚጠብቀው አልጋ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ መዝገቡ፣

ጤናህን እንዴት ከረምክ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ያ ወገብህስ ተሻለው? ቤተልሄምስ? ልጃችሁ ጸጋአብስ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? እኛ ለክፉ አንሰጥም፣ ተመስገን ነው። ባለቤቴ በንቲም፣ ልጆቹም፣ እኔም በጤና አለን። አባባም አለ። የምጽፍልህ ስለ እሱ ነው። በስልክ ያልነገርኩህ፣ ቤታችን በኮምፔርሳቶ የተከፈለ ስለሆነና የአባባ ጆሮ ዛሬም ምንም ስለማያመልጠው ነው። ከሥራ ቦታ ብደውል ደግሞ ሰው መሀል ማልቀሴ አይቀርም። ስለዚህ ጎፋ፣ የምሠራበት ዳቦ ቤት ባንኮኒ ላይ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ይህን እሞነጫጭራለሁ። ሾፌሩ ያሕያ ነገ ወደዚያ ስለሚወርድ በእጁ ያደርስልኛል።

እኛ ቤት እንቅልፍ ሲታደል አድልዎ ተደርጓል ብዬ እስቅ ነበር። ቲና ስትወለድ ፎቶዋን ብልክልህ «ይቺ ልጅ ዓይን የላትም እንዴ?» ብለህ ቀልደህብኝ አልነበር? ቀንም ሌሊትም ተኝታ ነበራ። አሁን ዓመት ከአራት ወሯ ነው፤ ከምሳ በኋላ አንዴ ታሸልባለች፣ እሱንም ታግላኝ ነው። ትልቋ ሄርሜላ አሥራ አምስት ዓመት ሞላት፤ እስከ እኩለ ሌሊት ዓይኗ ፈጦ ያመሽና ጠዋት ለትምህርት ቤት ብትቀሰቅሳት ሬሳ ናት፣ አፌን ይቁረጠው! እኔ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው የምተኛው። አባባ ደግሞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይነቃና ዳዊቱን ሲደግም ያነጋል፣ ከዚያ ቁርስ እንደቀመሰ ያንቀላፋል። እኛም እርጅና ነው፣ ደሞስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሌሊት ሌሊት ጥበቃ የሠራ ሰው ቀን ቢያሸልብ ምን ይገርማል ብለን ተውነው።

ቲናን ቀን ቀን የሚይዝልን እሱ ነው። ኮሽ ካለ ይነቃል እንል ነበር። ፋብሪካው ዘበኛ ሳለ የአለቃው መኪና ስትመጣ ዱላውን ሁለቴ መሬቱን መታ መታ እንደሚያደርግ ታስታውሳለህ፤ ነቅቻለሁ ማለቱ ነው። ዛሬም የግቢው በር ሲከፈት ሁለቴ ይመታል። ዓይኑም እንደ ድሮው ገርበብ ብሎ ወደ ልጅቷ አልጋ ነው። እኔ ሞኟ ያንን ዱላ ስሰማ ልቤ ያርፍ ነበር።

ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ገላኔ ደወለችልኝ፤ ያቺ ከጓሮዋ ጎመን የምትሸጥልን ጎረቤታችን። ቲናን ያገኘቻት ከበራችን ውጪ፣ ለቧንቧ የተቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቁጭ ብላ አፈር እየወረወረች ስትስቅ ነው። አያድርስ ነው ወንድም ጋሼ! ልጅቷን አቅፋ ስትገባ አባባ ዱላውን ሁለቴ መታ። «ጋሽ ከበበው፣ ልጅቷን እኮ!» ብትለው መልሶ ሁለቴ መታ። ጠጋ ብላ እጇን ፊቱ ላይ ብታወዛውዝ፣ ለካ ተኝቷል። እጁ ብቻ ነው የነቃው። ስንት ወር እንዲህ እንደነበረ ማን ያውቃል?

ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅኩ። ነርሷ የሽማግሌ እንቅልፍ መቆራረጡና ማለዳ መንቃቱ የዕድሜ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ሲጠሩት አለመስማት ግን ዕድሜ ብቻ አይደለምና ቶሎ አምጪው አለችኝ። አባባን እንሂድ ስለው እንቅልፍ በሽታ ሆነ ደግሞ ብሎ ጮኸብኝ። የቲናን ነገር ስነግረውማ ፊቱ ጠቆረ። ከእኔ እጅ ሚስማር ጠፍቶ አያውቅም ብሎ አኮረፈኝ፣ እራትም አልበላ።

ከዚያ ወዲህ ያደረግኩትን ልንገርህ፣ አትቆጣኝ። ጠዋት እሱ ሲያንቀላፋ ቲናን ገላኔ ጋ አደርሳታለሁ። አልጋዋ ላይ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ኮፍያዋን ጫፉ ላይ አደርግና፣ እሱ ነቃ ሲል፣ ተኝታለች አባባ፣ አደራህን እለዋለሁ። እሱም ወንበሩን ያስጠጋል። አባታችንን ባዶ አልጋ እያስጠበቅኩት ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሌላ ምን ላድርግ?

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ትናንት የግቢውን በር ስከፍት ዱላው ዝም አለ። ሮጬ ገባሁ። አባባ ነቅቷል፣ በደንብ ነቅቷል። የቲናን ኮፍያ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይዳብሳል። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በስንት ጣዕሙ። የሚጠበቅ ነገር ከሌለ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ አለኝ። ቆየት ብሎም ቀያሪዬ ዘገየ አለ። ቀያሪህ ማነው ብለው፣ መዝገቡ ነዋ፣ ሌላ ማን አለኝ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ግጥም አድርጎ ነው የጨፈነው። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ አባባ ዓይኑን እንዲያ ጨፍኖ ሲተኛ አይቼ አላውቅም። ፈራሁ።

አንተም ታውቀዋለህ፣ ቀያሪው ሳይመጣ በር ጥሎ አይሄድም። እማማ ያረፈች ጠዋት እንኳ ቀያሪው ስላረፈደ ለቅሶ ቤት የደረሰው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። ና ብዬ ለመጻፍ እጄ የፈራው ለዚህ ነው። ብትመጣ ዱላውን አስረክቦህ የሚሄድ ይመስለኛል። ባትመጣ ደግሞ ዓይኑ በር በሩን እንዳየ ይቀራል። ቢሆንም ና። ለገና እመጣለሁ አትበለኝ፣ ያሕያ ሲመለስ አብረኸው ና።

ለቤተልሄም ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ ጸጋአብን ግንባሩን ሳምልኝ። በንቲ እጅ ነስቷል። ሄርሜላ የስፖርት ጫማዬን እንዳይረሳ ብላለች፤ ቲና ፎቶህን እየላሰች አበላሽታዋለች። ገላኔም ሰላም ትልሃለች። አባባ መጻፌን አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ግን ከቤት ስወጣ ከቲና አልጋ አጠገብ፣ ከራሱ ወንበር ጎን ሌላ ወንበር አምጥቶ አቧራውን ሲጠርግ አየሁት። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እህትህ ወርቅዬ ከበበው
ሀና ማርያም፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.