የአይናለም ሁለተኛ ናሙና

ሰኞ

ሥጋው በስብሷል። ከላቦራቶሪ ዶክተር ኤርሚያስ ደውሎ የነገረኝ ይኼንን ነው። «ሲስተር፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፎርማሊን አይደለም፣ ውሃ ነው። በውሃ የሰነበተ ሥጋ በማይክሮስኮፕ አይነበብም።»

እንዴት ይሆናል! እንዳይበሰብስ ፎርማሊኑን የሞላሁት በገዛ እጄ ነው። ዓርብ ከሰዓት ከአይናለም የማህፀን ጫፍ ቅንጣት ሥጋ ወሰድን፣ ክዳኑን አጥብቄ ዘግቼ ሰጠኋት። በእኛ ጤና ጣቢያ ናሙናውን ተሸክማ የምትሄደው ታማሚዋ ራሷ ናት። ላቦራቶሪው መሀል ከተማ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ዝግ። ቤቷ አስቀምጣ ዛሬ ጠዋት አደረሰችው።

አይናለም እዚሁ አቃቂ ክር ፋብሪካ ትሠራለች። ካገባች አራት ዓመቷ ነው፣ ልጅ የላትም። አቼቶ ቀብተን ስንመረምራት ማህፀኗ ጫፍ ላይ የሚያጠራጥር ነጭ ነገር ታየ። የማህፀን ጫፍ ካንሰር ጥናታችን የሚከታተለው እንዲህ የታየባቸውን ሴቶች ነው። ያን ቀን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ማህፀኔን ያወጡታል?» አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው፣ ያለ ናሙናው ማንም አያውቅም።

አሁን እንደገና ልጠራት ነው። ምን ብዬ?

ማክሰኞ

ደወልኩላት። «ናሙናው ተበላሽቷል፣ ሌላ እንውሰድ» አልኳት። «ሲስተር፣ ካንሰሩ ተገኝቶብኝ ነው አይደል? ፈርታችሁ ነው የደበቃችሁኝ» አለች። በእመቤቴ ማልኩላት። ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አታነሳም።

አልፈርድባትም። ክፉ ወሬ እዚህ አገር በቀጥታ ይነገራል እንዴ? መርዶ እንኳ ዘመድ ተጠራርቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። «ተበላሽቷል» ስላት የመርዶ መንደርደሪያ መስሏታል።

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ሰናይት ደግሞ፣ «ካልመጣች ትወጣለች፣ ሌላ ሴት እንተካለን» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ጥናቱ ይተካት ይሆናል፣ ቤቷስ በማን ይተካታል? አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። «እስከ ዓርብ ስጪኝ» ብቻ አልኩ።

ረቡዕ

ከሥራ ወጥቼ ቱሉ ዲምቱ አይናለም ቤት ሄድኩ። የታክሲው ሰልፍ አያልቅም። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጧል። መንገዱን ሁሉ የቁጣ ንግግር ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት።

አይናለም የለችም፣ ተረኛ ናት። የከፈቱልኝ እናቷ እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ተቀመጪ ሳይሉኝ ማልቀስ ጀመሩ።

ለካ እሳቸው ናቸው! ቅዳሜ ብልቃጡን ከፍተው ሲያሸቱት ዓይናቸውን አቃጠላቸው። የልጃቸው ገላ እንዲህ ያለ መርዝ ውስጥ? ደፉት። በምትኩ ቤት የነበረውን ጸበል ሞሉበትና ክዳኑን መልሰው ገጠሙ። «ይሽርላታል ብዬ ነው ልጄ። ገደልኳት እንዴ?»

ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ። ያዘጋጀሁት ቁጣ የት እንደገባ እንጃ። «አልገደሏትም እማማ። ጸበሉን ለእሷ ይስጧት፣ ለብልቃጡ የእኛው ይበቃዋል» አልኳቸው። ቀጥዬም ይህን ለልጅዎ ይንገሯት፣ እኔን አታምነኝም አልኩ።

«ትጠላኛለች» አሉ።

«ትጥላዎት፣ ትዳን እንጂ!» ወይ አፌ። ለእናት እንዲህ ይባላል? ግን ወጣ፣ አይመለስም።

ሐሙስ

አልመጡም። ስልክም የለም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ፣ ሌላ ሴት ናት። አሮጊቷን በቃሌ ጎድቻቸው ይሆናል። ወይም ነግረዋት እሷ አላመነችም። ወይም ጭራሽ አልነገሯትም። ብቻ ጨነቀኝ።

ዓርብ

መጡ! እሰይ!

እኔ ስገባ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው የልጃቸውን እጅ ይዘዋል፣ የምታመልጣቸው ይመስል። አይናለም ዓይኗ አብጧል። «እናቴ ነግራኝ ትናንት ቀኑን ሙሉ አኩርፌያት ዋልኩ» አለችኝ። ከዚያ ሳቀች። «እሷ ግን ምግብ አልበላም ብላ ቁጭ አለች። ካልሄድሽ አልበላም! በርሃብ ልትሞትብኝ ነው እንዴ?» እማማ አንገታቸውን ደፉ።

ዶክተር ሰናይት የጸበሉን ነገር ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። ከጥናቱ አላስወጣቻትም። ናሙናው ሲወሰድ አይናለም አንዴ እንኳ አልጮኸችም፣ እጄን ግን ጨምቃ አደነዘዘችው። ብልቃጡን ለማንም አልሰጠሁም። ራሴ አቅፌ፣ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ፣ ዶክተር ኤርሚያስ እጅ ላይ አስቀመጥኩት።

አሁን መጠበቅ ነው። መጠበቅ እንዴት እንደማይሆንልኝ እግዜር ያውቃል።

ረቡዕ፣ ሁለት ሳምንት አልፎ

ውጤቱ መጣ።

ዶክተር ሰናይት አይናለምን አስቀምጣ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ሴሎቹ ተለውጠዋል፣ ነገር ግን ካንሰር አልሆኑም። ከማህፀኗ ጫፍ ላይ ያ ቦታ ብቻ ተቆርጦ ይወጣል፣ ማህፀኗ አይነካም። የተቆረጠው እንደገና ይመረመራል፣ ጠርዙ ንጹህ ካልሆነ ገና ሥራ አለ። ከዚያም በየጊዜው እየመጣች ትታያለች። አይናለም ራሷን ትነቀንቃለች። የገባት መስሎኝ ነበር።

ዶክተሯ ስትወጣ አይናለም ክንዴን ያዘችኝ። «ሲስተር፣ ማህፀኔስ?»

«ይኖራል። አይነካም።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት። ተነስታ በሩን ከፈተችና ውጪ የሚጠብቁትን እናቷን ጎትታ አስገባች። «ለእሷም ንገሪያት» አለችኝ። «እኔ ልንገራት ብል አልችልም።»

ነገርኳቸው። እሳቸውም «እስቲ ድገሚልኝ» አሉኝ፣ እንደገና ጀመርኩት።