ከወንበሩ ስር ያለው ቀይ

ዘሀራዬ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሁልጊዜ ቀብርሽ ዘንድ መጥቼ ነበር የማወራሽ። ዛሬ ወደዚያ መውጣት ስላልቻልኩ በመኪናዋ ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ እጽፍልሻለሁ። ሌላ ወረቀት አጥቼ አይደለም። የምነግርሽ ነገር መኪናዋን ስለሚነካ ነው።

ጽሕፈቴን አትታዘቢኝ፣ ቸኩያለሁ። ጠዋት ከወልድያ በኩል ከባድ መሳሪያ ሰማን። ነሐሴ ነውና ነጎድጓድ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ትንሽ ቆይቶ ሰው በሲሪንቃ በኩል ይጎርፍ ጀመር። ፍራሽ የተሸከመ አለ፣ ፍየል የሚጎትት አለ፣ ባዶ እጁን የሚሮጥም አለ። መናኸሪያ ደርሼ ተመለስኩ፣ አንድም መኪና የለም። ልክ እንዳምናው ነው ዘሀራ።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። በቁጥር ካልሆነ አይሆንልኝም፣ ታውቂኛለሽ። አንድ፣ የተከልሽው ማንጎ አፈራ። ሁለት፣ የኋላው አጥር ቆርቆሮ ሦስት ቦታ ተበስቷል። በምን እንደተበሳ አትጠይቂኝ። ሦስት፣ ሰሚራ ታጨች። ልጁ የውርጌሳ ልጅ ነው፣ አስተማሪ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ትወጂው ነበር። ኒካሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። «ነበር» ብዬ ስጽፍ ራሴው ደነገጥኩ። አራት፣ የመኪናሽ ሞተር አሁን ይነሳል።

አባትሽ አላህ ይዘንላቸውና፣ ያሠራቸው የነበረው ጣሊያን አገራችንን ለቆ ሲሄድ ትቶላቸው የሄደውን መኪና ስንረከብ ዶሮ ነበር የሚያድርበት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ የሆነ፣ ከመሬት ከፍ የማትል የእሽቅድምድም መኪና ለመርሳ ከተማ ምን ታደርጋለች ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀብን። አንቺ ግን ሰሚራ የምትዳረው በዚህች ነው አልሽ። አለቀ።

ከአዲስ አበባ የመጣው የድሮ መኪና ሰብሳቢ ሽጡልኝ ብሎ ለምኖ ሲያቅተው ምክር ሰጥቶን ሄደ። ዋጋዋን የሚገድለው እርጅና አይደለም፣ ጥገና ነው አለን። የራሷ ያልሆነ ቀለም፣ ወፍራም ስቱኮ፣ የሌላ መኪና ሞተር፣ ደግሞ «አሮጌ ነው» ተብሎ የተጣለ ዕቃ። አንቺ ሁሉንም እዚህ ደብተር ላይ ጻፍሽው። ከዚያ በኋላ አንድ ቡሎን አስጥለሽኝ አታውቂም። የተፈታው ሁሉ በወተት ጣሳ ገብቶ ስሙ ይጻፍበታል።

ወንበሩን ያነሳሽበት ቀን አይረሳኝም። ውጪው ሁሉ ደብዝዞ ሸክላ መስሎ ነበር። ከወንበሩ ስር ግን ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ቀይ ተኝቷል፣ የሮማን ፍሬ የመሰለ። ይህን ማንም እንዳይነካው፣ ቀለሙ በዚህ ይመሳከራል አልሽኝ። ከታመምሽ በኋላ እንኳ ዱካ ላይ ተቀምጠሽ በሩን በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጊ እረፊ ብዬ እጮህብሽ ነበር። አሁን ያ ድምፅ ናፍቆኛል።

እንግዲህ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ።

አምና ወልድያ ተያዘች ሲባል ጎረቤታችን ከድር በአይሱዙው ቤተሰቡን ጭኖ ሊወጣ ለእኔና ለሰሚራ ቦታ ያዘልን። መናኸሪያ ሆኜ እስከ አራት ሰዓት እጠብቃለሁ አለ። እኔ መኪናዋ እንዳትወሰድ ብዬ ዝርዝር ጻፍኩ፣ ስምንት ነገር። ታርጋዋን መንቀል፣ ሊብሬውን በላስቲክ ጠቅልሎ ማንጎው ስር መቅበር፣ የፊት መብራቶቹን ጤፍ ከረጢት ውስጥ መክተት፣ ካርቡራተሩን ፈቶ በጣሳ መበተን... የመጨረሻው ስምንተኛው፣ የተቃጠለ ዘይት ከአመድ ጋር ለውሶ መላ አካሏን መቀባት ነበር፣ ቆሻሻ እንድትመስል።

አራተኛው ላይ ስደርስ ሰሚራ ጓዟን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ስድስተኛው ላይ ይበቃል እንሂድ አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ አልኳት። ስምንቱንም ጨረስኩ ዘሀራ። መናኸሪያ ስንደርስ የአይሱዙው ዘይት የተንጠባጠበበት መሬት ብቻ ነው ያገኘነው። ከድር ግማሽ ሰዓት ጨምሮ ጠብቆናል፣ በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ መኪናው ሞልቶ ነው አልኩ። ሰሚራ አጠገቤ ቆማ ሰማችኝ። መሬት መሬት አየች።

ታጣቂዎቹ ገቡ። ቀለም ቀቢው ጎረቤታችን ጋሽ መኮንንና ባለቤታቸው እትዬ አበበች ሰሚራን ጓዳቸው ውስጥ ደበቋት። በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ያ ስስ የጭቃ ግድግዳ ነው። አንድ ቀን ሦስት ሆነው ወደ ግቢያችን መጡ። አንደኛው መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና በሳንጃው ጫፍ ፋቅ አደረጋት። ከዘይቱ ስር ቀይ ወጣ። የማን መጫወቻ ነው ብሎ ሳቀ። የሟች ባለቤቴ ነው አልኩ። ከአንተ ሌላ ማን አለ አለኝ። ብቻዬን ነኝ ስል ከግድግዳው ወዲያ የሰሚራ ሳል ተሰማ።

እኔም ሳልኩ። ዓይኔ እስኪያለቅስ፣ ጉልበቴ እስኪታጠፍ ሳልኩ። ታጣቂው በሽታ ፈርቶ አፉን በክንዱ ሸፍኖ ወደኋላ አለ። ዝናብ ስለነበር የጣሪያዋን ሸራ ገንጥለው ተከናንበው ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ምን አደረግኩ መሰለሽ? መጀመሪያ ጭረቱን በጣቴ ዳሰስኩ። ከዚያ ነው ወደ ሰሚራ የሮጥኩት። ከመጡት ሰዎች ይልቅ ራሴን መፍራት የጀመርኩት የዚያን ቀን ነው።

ሰላም ሲሆን ጋሽ መኮንን ዘይቱን በነጭ ጋዝ አጥበው አወረዱት። ከስሩ አንድ የዝገት ነጥብ የለም። እሳቸው አንቺ እንዳልሽው ነው የሠሩት። ጎድጓዳውን በመዶሻ ከውስጥ መለሱት፣ ስቱኮውን እንደ ወረቀት አሳሱት፣ ቀዩን ከወንበሩ ስር ካለው ጋር እያስተያዩ ሦስት ቀን አዋሃዱት። የታጣቂውን ጭረት ግን ይድፈኑት ስላቸው እንቢ አሉኝ፣ ቀለሙ ይሸፍነዋል፣ በጣት ለሚፈልገው ግን ይኑር አሉ። ባለፈው ሳምንት ግራጫው የስር ቀለም ተቀባ። ቀዩ ሳይቀባ ዝናብ እንዳይነካት፣ ግራጫው ውሃ ይጠጣል፣ ከስር ትዝግና ልፋታችን ገደል ይገባል ብለው አስጠነቀቁኝ። ትናንት ወሬው ሲነፍስ ከባለቤታቸው ጋር ደሴ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ቀዩ ቀለም በጣሳው እንዳለ እዚህ ተቀምጧል።

ዛሬ ጠዋት መሳሪያው ሲሰማ እጄ ብዕር አነሳ። ሳላስበው ዝርዝር እየጻፍኩ ነበር። ታርጋ። ሊብሬ። መብራት። አራተኛው ላይ ስደርስ ካርቡራተሩን ፈትቼ በእጄ ይዤ ነበር። ሰሚራ መጥታ ከትከሻዬ በላይ ወረቀቱን አየችና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ዘንድሮም ስምንት ነው?»

ቆጥራ ነበር ዘሀራ። አንድ ዓመት ሙሉ ቁጥሩን ይዛ ዝም ብላ ኖራለች።

ወረቀቱን ቀደድኩት። ካርቡራተሩን መልሼ አሰርኩት፣ ስቸኩል ሁለት ቡሎን ወደቀብኝና አንዱን አላገኘሁትም፣ ተውኩት። ለኒካሁ ያስቀመጥኩትን ቤንዚን ሞላሁ። የአባትሽ መኪና ሁለት ወንበር አላት፣ እኛም ሁለት ነን። ውርጌሳ የእጮኛዋ ቤተሰቦች ጋ እንደርሳለን፣ ከባሰም ወደ ደሴ እንቀጥላለን።

ፈርቻለሁ። ፍሬኑን እፈራለሁ፣ መንገዱን እፈራለሁ፣ መንገድ ላይ አስቁሞ ቁልፉን አምጣ የሚለኝን ሰው እፈራለሁ። ያን ጊዜ ቁልፉን እንድሰጥ አላህ ልብ ይስጠኝ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ጣሪያ የለንም። ዝናቡ ግራጫውን ይበላዋል። ይብላው። ሰብሳቢው ሰውዬ ቢያየኝ ያብዳል፣ አንቺ ግን የምትቆጪኝ አይመስለኝም።

አልረሳሽም ማለት ለማንም ቀላል ነው። እኔ ቃል የምገባልሽ ይህን ነው፣ ቀለሙ ቢላጥም፣ መኪናዋ ብትወሰድም፣ ልጃችን ባለችበት ሁሉ ዱካ ላይ ተቀምጣ በር ትፈትግ ስለነበረችው እናቷ እነግራታለሁ። የጠየቀችኝን ደግሞ እመልስላታለሁ። የከድር መኪና ሞልቶ አልነበረም እላታለሁ፣ በአፌ።

ሰሚራ ገብታ ተቀምጣለች። ጥላ ዘርግታለች። ያንቺ ቀይ ከስሯ ነው፣ ቢያንስ እሱ አይረጥብም።

ሌላም ልጽፍልሽ የነበረ አለ፣ ሦስት አራት ነገር። ክላክሱን ነፋች። አንዴ ብቻ ነው የነፋችው።

ይቅር። ሄድኩ።