ኮምፒውተሬና የከብት ደላላው

አርብ፣ ኅዳር 12

ጌም የምጫወትበትን ኮምፒውተር ዋጋ የሚገምትልኝ ባጣ የከብት ደላላውን ጋሽ ሞላን ለመንኳቸው። ሚስቴ መውለጃዋ ስለደረሰ የሽያጩ ብር ለደብረ ታቦር ሆስፒታል መሄጃ ያስፈልገናል። እሳቸውም ከገበያው አንድ ከወገዳ ከተማ የመጣ ነጋዴ ይዘው መጡ። ኮምፒውተሩን በሁለት እጃቸው አንስተው መዘኑትና "ደህና ያወጣል" አሉ።

ነጋዴው ግን በሬ እንደሚገዛ ሰው "ለምን ትሸጠዋለህ?" አለኝ።

እኔ ጅሉ "መብራት እየጠፋ አላጫውት አለኝ" አልኩት።

"እኛስ ወገዳ መብራት የት አለንና!" ብሎ ወጣ።

ጋሽ ሞላ ጮኹብኝ፦ "በሬ ስትሸጥ ይዋጋል ትላለህ?"

ኤጭ! ነጋዴው መኪና ተሳፍሮ ከሄደ በኋላ መብራት መጣ። ኮምፒውተሩ በራሱ ተነሳና ማራገቢያው ማጉረምረም ጀመረ። ሚስቴ ከጓዳ ሰምታዋለች፤ ተሸጠ ወይ ብላ እንኳን አልጠየቀችኝም።