እጄን ማን በላው

ጥቅምት 14
ወለተ ሐና ናት። ሌላ ማንም አይደለም።
በርበሬ ስለቅም ዋልሁ። ቀኝ እጄ እየተንቀጠቀጠ ደህናውንም የበሰበሰውንም ካንድ ጆንያ ከተትሁት። ምራቴ ሰብሊ አይታ ጆንያውን ዘርግፋ እንደገና ለቀመችው። ይህ ከስድብ ይብሳል።
ፊደል የቆጠርሁት በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። አባቴ ለወንድሞቼ እንጂ ለኔ ደብተር አልገዛም። ባሌም፣ ነፍሱን ይማር፣ "ለማን ልትጽፊ?" ብሎ ሳቀ። ለራሴ ነዋ! አምና በሐምሌ የማኅበርተኛውን ስም ጽፌ ሳነብ ወለተ ሐና ምን አለች? "ውይ እጇ! የደብተራ እጅ እኮ ነው!" እንትፍ አላለችም። ማርያምን አልጠራችም። በመስከረም መንቀጥቀጥ ጀመረኝ። እንግዲህ ምን ይባላል?

ጥቅምት 21
ማኅበር ነበር። ወለተ ሐና ጽዋውን ጠጥታ ስታቀብለኝ አልተቀበልሁም። "የበላኝን እጅ አልነካም" አልሁ። ጮክ ብዬ።
"እኔ?" አለች። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።
ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር...

ኅዳር 3
ያምሮት ከቡሬ መጣች። የሰብሊ ልጅ፣ የልጄ ልጅ። ከዩኒቨርሲቲው ሥነ ሕይወት ነው የምትማር። እጄን ይዛ ስታገላብጥ ቆየች።
"እማማ፣ መቼ ጀመረዎት?"
"ወለተ ሐና..."
"እሳቸውን ይተዉአቸውና፣ እግርዎትስ ይጎተታል? ሽታስ ይሸትዎታል?"
ሽታ! በርበሬው ለሰው ሁሉ ሲሸት ለኔ ምንም አይሸተኝም። ለሰው ነግሬ አላውቅም። ይህች ልጅ እንዴት አወቀች?

ኅዳር 7
ፍኖተ ሰላም፣ ሐኪም ዘንድ። በሚኒባስ ያምሮት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጣቴን አስጨበጠኝ፣ አስኬደኝ። "እናቴ፣ እስቲ ስምዎን ይጻፉ" አለ። ጻፍሁ። ፊደሉ እየሄደ እያነሰ፣ መጨረሻው የጉንዳን ያህል።
ፓርኪንሰን ይባላል አለ። አይድንም። ክኒኑ ግን ያግዛል።
ከደጅ ወጥቼ አለቀስሁ። ያምሮት አጠገቤ ቆመች። እግዜር ይስጣት።

ኅዳር 9
ከሰብሊ ጋር ሦስታችን በርበሬ ስንለቅም ያምሮትን ጠየቅኋት። ምንድን ነው ከጭንቅላቴ የገባው?
"ምንም አልገባም እማማ። ያልወጣ ነው።"
ሰውነታችን ሕዋስ ከሚባል ኢምንት ነገር ነው የተሠራ አለች። እያንዳንዱ ሕዋስ ፕሮቲን ይሠራል። እንደ ክር ይወጣና ይታጠፋል። አንዳንዱ ሲታጠፍ ይጣመማል።
"ይጣላላ።"
"ኧረ ወዲያው አይጣልም። መጀመሪያ አቃኚዎች አሉ፣ ይዘው እንደገና ያጥፉታል።"
"እምቢ ካለስ?"
"ያኔ ምልክት ይለጠፍበታል። አንዱ ብቻ አይበቃም። ባንዱ ላይ ሌላ፣ በዚያ ላይ ሌላ... ሰንሰለት ሲሆን ነው በርሜል የመሰለ መቆራረጫ የሚቀበለው። ይበጣጥሰዋል። ቁርጥራጩም ለአዲስ ፕሮቲን ይሆናል።"
የኔስ? አንደኛው ፕሮቲን ተጣሞ በዛ አለች። እንደኛ የሚለቅሙት አቃኚዎቹና መቆራረጫዎቹ አልቻሉትም። እየተከመረ እንቅስቃሴን የሚያዙትን ሕዋሳት ገደላቸው። ለምን እንደሚጀምር ሐኪሞቹም ገና አጥርተው አያውቁም። ብዙ ሰው ላይ ከእጁ በፊት ሽታው ይጠፋል፣ ከዓመታት በፊት።
"የሰው ዓይንስ?"
"የሰው ዓይን እዚያ አይደርስም እማማ።"
ሰብሊ ሳቀች። "እርስዎ ግን ወለተ ሐናን ባንድ ቃል ከበርሜሉ ጨመሯት!"
ተናደድሁ። ምራት አፏን ስትከፍት አልወድም።
ግን... ሽታዬ የጠፋው መቼ ነበር? የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ለፋሲካ። ዶሮው ሳይሸተኝ መቅረቱን አስታውሳለሁ። ወለተ ሐና እጄን ያመሰገነችው አምና።

ኅዳር 20
ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር አስገባሁ። በሦስተኛው ሙከራ። ክኒኑን ከምግብ በፊት ነው የምውጠው፣ ሰብሊ ሰዓቱን ጠብቃ ታቀብለኛለች። ከማሳ ድረስ ይዛ መጣች። ሃያ ሁለት ዓመት ካንድ ቤት ስንኖር አመስግኛት አላውቅም። ዛሬ "ተባረኪ" አልኋት። ደነገጠች።
ተመስገን። ይህን ሁሉ ዘመን ሰውነቴ ሳላዝዘው ሲለቅም ኖሯል ለካ!

ኅዳር 21
ወለተ ሐና ከማኅበር ቀረች። የታኅሣሥ ተራ የሷ ነው። ማኅበርተኛዋ እህተ ማርያም "ይለፋት፣ ከሷ ቤት ማን ገብቶ ይጠጣል?" አለች። ሁሉም ወደኔ አየ።
ዓይኔን ከጽዋው ላይ ተከልሁ። ፈሪ።

ኅዳር 29
ከወለተ ሐና በር ደርሼ ተመለስሁ።

ታኅሣሥ 2
ገባሁ። ቁጭ በይ አላለችኝም።
"ምነው፣ ግራውም ጀመረሽ?"
ይገባኛል። ነገርኋት። ሽታዬን፣ ሐኪሙን፣ ክምሩን። አንቺ አይደለሽም አልሁ።
"ማወቅሽ ለኔ ምን ያደርግልኛል? ልጆቼ ውሃ ሊቀዱ ሲሄዱ ሴቶቹ ሕፃናታቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ከሰው ፊት ነው የተናገርሽው። ከሰው ፊት መልሽው።"

ታኅሣሥ 19
ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹን ከዋርካው ሥር አቆምኋቸው። እጄን ዘርግቼ አሳየሁ። ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አልደበቅሁትም። "በሽታዬ ስም አለው፣ ስሙም ወለተ ሐና አይደለም። ዋሽቻለሁ" አልሁ። "ተራዋን ብታሳልፉባት እኔም እወጣለሁ።"
እህተ ማርያም "አሮጊት ስትማር እንዲህ ነው" ብላ ሄደች። ሂጂ።

ታኅሣሥ 21
በወለተ ሐና ቤት ዋልን። ከአሥራ ሁለት ሰባታችን መጣን። ሰባት ቀላል ነው? ተመስገን።
ጽዋውን ስታቀብለኝ ፊቴን አላየችም። ተቀበልሁ፣ ከጉልበቴ ላይ ፈሰሰ። "በሁለት እጅሽ ያዢው እንጂ፣ ጠላው አለቀ!" አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ግን ከሥሩ ደገፈችልኝ፣ ጠጥቼ እስክጨርስ።
ይቅር አላለችኝም ገና። ልትዘገይ መብቷ ነው። መምጣቴን አልከለከለችኝም፣ ይህም ብዙ ነው።
እጄ ነገም ይንቀጠቀጣል። ከነገ ወዲያ ይብሳል ይሆናል። ከእንግዲህ ግን ለሕመሜ የምወቅሰው ሰው አልፈልግለትም።