በጎን የቆመው የጓሮ ግድግዳ

እህት ዓለም፣ ያለሁበትን እንድታዪ ፖስት ካርዱን ገልብጪው። ፎቶው ላይ ከግራ ሦስተኛዋ ቤት ናት። ሁሉም መንታ ስለሆኑ ትናንት የሰው በር በቁልፌ ልከፍት ስታገል ውሻ አባረረኝ!

ተገጣጣሚ ቤቶች ናቸው። እዚህ ድሮ ከነበረው ጦርነት በኋላ፣ ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ተብሎ፣ ግድግዳቸው ፋብሪካ ተሠርቶ፣ በካሚዮን መጥቶ፣ በብሎን ታስሮ ቆመ። «ለጊዜው ነው» ተብሎ ነበር፤ አከራዬ እማማ ግን ሙሽራ ሆነው ገብተው እዚሁ አረጁ።

ሟቹ ባላቸው ሲገጣጥሙ ቸኩለው፣ መስኮት ያለውን የጓሮ ግድግዳ በጎን በኩል አቆሙት። የጓዳው መስኮት ከጎረቤት መስኮት ጋር ተፋጠጠ። ስህተቱን ሊያርሙ ብሎኑን መፍታት ሲጀምሩ፣ ጎረቤቲቱ እጇን በመስኮቱ ሰዳ ጨው ለመነች። «ከዚያ ወዲያ ማን ይንካው?» አሉኝ እማማ እየሳቁ።

አሁን ጎረቤቲቱ ሞታለች፤ ቤቷንም ብሎኑን ፈትተው በካሚዮን ወሰዱት። እማማ ግን ሾርባ በቀመሱ ቁጥር ወደዚያው መስኮት ዞረው፣ «ጨው አነሰው እንዴ?» ብለው ባዶውን ቦታ ይጠይቃሉ።

ይህን ሳይ የእኛው አጥር ትዝ አለኝ። ወንድምሽ በግቢያችሁና በግቢያችን መሃል ያለውን የቆርቆሮ አጥር በብሎኬት ሊቀይር ነው ብለሽኝ ነበር። ይቀይር፣ ማን ከለከለው! ግን አፈር ስሆን፣ ክብሪትና ወሬ የምንቀባበልባትን ሽንቁር እንዳይደፍናት።

ካርዱ አለቀብኝ፤ ይኸው ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። እማዬን ሰላም በይልኝ፤ በበሩ ዞረሽ ሳይሆን በሽንቁሯ።