ስምህን ከዋቢዎቹ አልሰርዝም

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለኦጉቱ፦

እንደምን ሰነበትክ? የዊንድሆክ ብርድ ደረትህን ተወት አደረገልህ? ባለቤትህ ንዳፔዋስ? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን፤ እናታችን ጉልበቷን ትንሽ ቢያማትም ገበያ ሳትወጣ አትውልም። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ንዴቴ ግማሹ አንተንም ይመለከታል።

በሐይቁ ላይ ስለተንሰራፋው እምቦጭ የጻፍኩትን ጥናት አንድ ጆርናል ተቀብሎኝ፣ ዋቢዎቹን በደንቡ መሠረት አስተካክዬ እንድመልስ ጠየቀኝ። በጽሑፉ መሀል ስምና ዓመተ ምሕረት በቅንፍ፣ መጨረሻ ላይ ሙሉው ዝርዝር በፊደል ተራ። ነጠላ ሰረዟ ሳትቀር አስተካክዬ ለክፍላችን ኃላፊ፣ ያኔ ያንተ አማካሪ ለነበሩት ለፕሮፌሰር ሙሊንጌ ሰጠኋቸው፤ ጽሑፉ ላይ ስማቸው ከእኔ ቀጥሎ ስላለ ሳያዩት አይላክም።

ብዕራቸውን አንስተው አንተን ሰረዙህ። ዓሦች እምቦጩ ሥር እንደሚፈለፈሉ ያሳየህበትን የማስተርስ ጥናትህን አውጥተው በቦታው የራሳቸውን ጻፉ።

«ያልታተመ ነገር አይጠቀስም። እኔ አሳትሜዋለሁ፤ የኔን ጥቀሺ» አሉኝ።

«የእርስዎ የወጣው ከእሱ በኋላ ነው እኮ። በውስጡ ያለው ሰንጠረዥም የእሱ ነው» አልኳቸው።

ሳቅ አሉ። «ወንድምሽ ሆቴል ነው የሚያስተዳድረው። ዋቢ ምን ያደርግለታል?»

ያ ሰንጠረዥ እንዴት እንደተሠራ አውቃለሁ። ጀልባህ እምቦጩ ውስጥ ተቀርቅራ ስትቀር እናታችን ዳር ቆማ ትጣራ ነበር። ወባ እያንቀጠቀጠህ እንኳ ውሃ ስትቀዳ ነበር። እሳቸው ጫማቸውን አላራሱም።

ስደውልልህ ደግሞ «ተዪው አኬዮ፣ አንድ መስመር ናት፤ የሥራ እድገትሽ እንዳይበላሽ» አልከኝ። ያን ጊዜ ከሙሊንጌ ይልቅ የተናደድኩት ባንተ ነው። አንድ መስመር ብቻ ከሆነች እሳቸው ለምን ፈለጓት?

ለጆርናሉ አዘጋጅ ጽፌ ጠየቅሁ። የማስተርስ ጥናት ይጠቀሳል፣ «ያልታተመ» ተብሎ የዩኒቨርሲቲው ስም ይጨመርበት ብሎ መለሰልኝ። ይህን ሳሳያቸው ሙሊንጌ «እንግዲያው የኔን ስም ከጽሑፉ አውጪ። እድገትሽንም ወንድምሽ ይስጥሽ» አሉ። አወጣሁ፤ ላክሁትም። በማግስቱ የእድገት ማመልከቻዬ ሳይፈረምበት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አልቅሻለሁ፤ አልዋሽህም። ግን አልተጸጸትኩም።

ጽሑፉን ለእናታችን አሳየኋት። ስምህ ላይ ጣቷን አሳርፋ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የማስተርስ ጥናትህ ነው አልኳት። ትምህርቱ ከብዶት ተወው እያለች ለጎረቤት ስትናገር ነው የኖረችው። «ታዲያ ጨርሶት ከነበረ ለምን ሄደ?» አለችኝ። ሥራህን ሙሊንጌ በስማቸው ማሳተማቸውን እኔ አልነግራትም። ደውልና አንተው ንገራት።

ንዳፔዋን በጣም ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል። ትልቁን ልጅህን ቶማስን አክስትህ ናፍቀሃታል በለው፤ ትንሿን ሄልቪን ጉንጯን ሳምልኝ። እናታችን እንዳኮረፈች ቢሆንም ሰላም ትልሃለች።

እህትህ አኬዮ
ኪሱሙ፣ ጁላይ 14 ቀን 2019