አሥራ አንደኛው ድምፅ

ይድረስ ለምራቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ትንሿስ ደኅና ናት? የፊት ጥርሷ ወለቀ ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ አዲሱ ብቅ አለ ወይ? እኔ ለክፉ አልሰጥም። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው፤ ዓይኔ ብቻ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እያቃተው መጣ። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል እንዳላለፈ ታውቂያለሽ። ቀስ እያልኩ ጽፌዋለሁና አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እሑድ በጥምረቱ ስብሰባ ላይ መጥተሽ መድረክ ልትወጪ፣ ባልሽን ያስባረረው አሥራ አንደኛው ድምፅ የፀጉር አስተካካዩ ነው ብለሽ በሰው ሁሉ ፊት ልትናገሪ መሆኑን ጽፈሻል። ያስቸኮለኝ ይኸው ነው። ይህ ወረቀት ከእሑድ በፊት እጅሽ መግባት አለበት።

ስለ ስብሰባው ላስቀድም፤ ካልተነፈስኩት ያንቀኛል። ማክሰኞ የፓርቲያችን ሊቀ መንበር ቤቴ መጣ። ያው «አንቀጽ» የምንለው፤ ውሃ ሲጠማው እንኳ አንቀጽ ካልጠቀሰ የማይጠጣው ሰው። ማንን ይዞ መጣ መሰለሽ? የነጋዴዎቹን ፓርቲ ተወካይ! ልጄን እኮ ያባረሩት ከእነዚህ ሰዎች ጋር እንተባበር ስላለ ነው። ያን ጊዜ አንቀጽ፣ ወተት ውስጥ አንዲት የሎሚ ጠብታ ከገባች ወተቱ ወተት አይደለም እያለ ጠረጴዛ ይደበድብ ነበር። አሁን ከሎሚው ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ሶፋዬ ላይ ተቀመጠ። አንቀጽን ለምርጫው ሁለተኛ ዕጩ አድርገውታል አሉ። የልጄን ፎቶ በትልቁ አሳትመው ከሥሩ «የጥምረታችን አባት» ብለው ጽፈዋል። እርስዎና ምራትዎ ከፊት ወንበር ትቀመጣላችሁ አለኝ። አባልነቱም ተመልሶለታል ብሎ መታወቂያ አወጣና እጄ ላይ አኖረልኝ። ለሞተ ሰው መታወቂያ! «የሚያበቃበት ቀን» የሚል ቦታ አለው፤ ባዶ ትተውታል።

ሻይ አቀረብኩላቸው፤ ጠጥተው ሲወጡ ብርጭቆዎቹን ሁለት ጊዜ አጠብኩ።

የልጄ ወገን ነን የሚሉትም ከእነሱ አይሻሉም። ሬሳ ሳጥኑ ላይ የትኛው የፓርቲ ባንዲራ ይሁን ብለው እንደ ሕፃን ሲጓተቱ አንቺም አይተሻል። የፓርቲያችንን ጨርቅ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሲቀደድ ድምፁን ከለቅሶው መሐል ለይቼ ሰማሁት። ሁሉም አስጠሉኝ፤ የጠራን ነን የሚሉትም የተጣመርን ነን የሚሉትም።

ልጄንም መልአክ አላደርገውም። አንቺን ከማግባቱ በፊት ከሁሉ በላይ ንጹሕ ነኝ ባዩ እሱ ነበር። ከሌላ ፓርቲ ጋር የተቀራረበ ይባረር የሚለው የደንቡ አንቀጽ አሥራ ሁለት በእሱ እጅ የተጻፈ ነው። በዚያው አንቀጽ የፀጉር አስተካካዩን ታላቅ ወንድም አስባረረው፤ ጥፋቱም ሠርግ ላይ ከሌላ ፓርቲ ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ መቀመጡ ነው። ኋላ ዓይኑ ሲገለጥ፣ እማዬ፣ አገር እንመራለን እያልን ሁለት ሚኒባስ እንኳ አንሞላም እያለ በራሱ ይስቅ ነበር። እንግዲህ ሰው ሁሉ ፀጉር አስተካካዩን የጠረጠረው ስለ ወንድሙ ቂም ይዟል ብሎ ነው። አንቺም ያልሽው እሱኑ ነው። አልፈርድብሽም።

አሁን ስለዚያ ቀን ልንገርሽ። አንቺ አባል ስላልሆንሽ አልነበርሽም። እኔን አባል ያደረጉኝ ቁጥር ጎድሏቸው ነው፤ ሃያ አንደኛዋ ማሟያ እኔ ነበርኩ። የተሰበሰብነው ከጎሚስታው ጀርባ ባለችው ክፍል ነው፤ ጎማ መንፊያው በጮኸ ቁጥር ተናጋሪው አፉን እንደከፈተ ቆሞ ይጠብቃል። በወረቀት እንምረጥ ሲባል አልተስማሙም። አሥር ዓመት አብረው ስለኖሩ አንዱ የሌላውን ጽሕፈት ያውቃል፤ የራይት ምልክታቸው እንኳ ይለያል። ስለዚህ ከስፌት ሣጥኔ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነጭና አንድ ጥቁር የሸሚዝ ቁልፍ አደልኩ። ይቆይ የሚል ነጩን፣ ይባረር የሚል ጥቁሩን ከረጢት ውስጥ ይከታል፤ የቀረውን በጭብጡ ይዞ ይወጣል። ከረጢቱንም የሰፋሁት እኔ ነኝ። አንቀጽ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፈው አሥር ነጭ፣ አሥራ አንድ ጥቁር ሆነ። ልጄ ፈገግ ብሎ፣ ሕጉ የራሴ ነው፣ በማን አመካኛለሁ አለና ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ከዚያ ስብሰባ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪም ቤት አብሬው ሄጄ ነበር። ሐኪሟ ልቡ ደክሟል አለች፤ ስብሰባና ጭቅጭቅ ካልተወ ዓመት አልሰጠውም ብላ እኔን እያየች ተናገረች። አንቺን እንዳላስጨንቅሽ አስማለኝ። እሱ ከሞተ መሐላው አይይዘኝም። ተው አልኩት፣ ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ጉባኤው ይለፍና እማዬ፣ ይለፍና ይለኛል። አንዱ ሲያልፍ ሌላ ይመጣል። እነዚህ ሰዎች ካልተፉት በቀር አይተዋቸውም ብዬ አሰብኩ። ቢያባርሩት ይተኛል፣ ይበላል፣ ልጁን ያሳድጋል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ማሰቤን አልደብቅሽም።

አላረፈም። ቀሪዎቹን አምስት ሳምንታት ሆስፒታል ተኝቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ አሥራ አንደኛው ማን ይሆን እያለ ስም ሲጽፍ፣ ስም ሲሰርዝ ከረመ። አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ አንድ ቀን እጄን ያዘና፣ እማዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ኖሮ አሥርም አልሞላልኝም ነበር፣ አንቺን ፈጣሪ ያኑርልኝ አለኝ። ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ ጠጣ አልኩት።

ፀጉር አስተካካዩ በሳምንት ሁለት ቀን ምላጩንና ፎጣውን ይዞ ሆስፒታል እየመጣ ጢሙን ይላጨው ነበር። ልጄ ጉንጩን ይሰጠዋል እንጂ አያናግረውም። እሱም ላጭቶት፣ ፊቱን በለብ ያለ ውሃ ጠርጎለት፣ እማማ ደኅና ዋሉ ብሎኝ ይወጣል። በቀብሩ ዕለት ሳጥኑን ሊሸከም ሲጠጋ፣ ይሄ እጅ አይነካውም ብለሽ ገፈተርሽው። ሰው ሁሉ አየ። አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ተከተለ። አሁን ሱቁ ሦስቱም ወንበር ባዶ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ጭንቅላቱን ሌላ ቦታ ይዞ ይሄዳል። አንዲት ቃል ተናግሮ ራሱን ማውጣት ይችል ነበር። አልተናገረም።

ለምን እንዳልተናገረ ልንገርሽ። ያን ቀን ከስብሰባው ስንወጣ፣ አሮጌ ጎማ በተከመረበት መተላለፊያ ላይ የቀረኝ ቁልፍ ከእጄ አመለጠኝ። ተንከባሎ ጎማ ሥር ገባ። ፀጉር አስተካካዩ ተንበርክኮ ፈልጎ አገኘው፣ በሱሪው ጠረገው፣ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እንደተንበረከከ ሌላውን እጁን ዘረጋልኝ፤ ለእሱ የቀረው ጥቁሩ ነበር። የእኔን መዳፌ ላይ መልሶ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈልኝና፣ አጥብቀው ይያዙት እማማ፣ ሰው እንዳያይብዎት አለኝ።

ያነሣልኝ ነጭ ነበር።

ከዚህ በላይ እጄ አይጽፍልኝም። ትናንት ሱቁ ሄጄ እውነቱን ልጽፍላት ነው ብዬ ነገርኩት። ይተዉት እማማ፣ እኔ ለምጄዋለሁ፣ እርስዎ ግን የልጅ ልጅዎን ያጧታል አለኝ። እኔም ይህን አውቃለሁ። አውቄ ነው የጻፍኩት።

አደራሽን፣ እሑድ የእሱን ስም እንዳትጠሪ። ስም ሳትጠሪ መውረድ ካልሆነልሽ የእኔን ጥሪ፤ ከፊት ወንበር ባልቀመጥም በሩ አጠገብ ቆሜ ታገኚኛለሽ። አልሸሽም። ስትመጪ ደግሞ ሱቁ ጎራ በይና እጁን ጨብጪው።

ፈጣሪ እንባሽን ያብስልሽ። የልጅሽን እድገት ያሳይሽ፤ ያሰብሽላትን ሁሉ ይፈጽምላት። ወደ እኔ ማምጣቱ ከከበደሽም አታምጫት፤ ብቻ አንዳንዴ አያትሽ ታስብሻለች በያት።

እስከ ዛሬ «እናትሽ» ብዬ ነበር የምፈርመው። አሁን አንቺ እስክትፈቅጂልኝ ድረስ፣

የባልሽ እናት